የደብረ ማርቆስ ሰዎች፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽናችሁን ከመጣላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

በአደባባይ መጻፍ ልማዴ አይደለም። ዛሬ ግን ዝም ብል የሰው ውለታ የበላሁ ያህል ይሰማኛል፤ እናቴም «ማሽናችንን ለጠገነልን ልጅ ጻፊለት እንጂ» እያለች ሦስት ቀን ሙሉ ነዝንዛኛለች። ስለዚህ በደብረ ማርቆስም ሆነ በአማኑኤል፣ በሉማሜም ሆነ በደጀን ያላችሁ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቆሞባችሁ ላዩ ላይ ድስት የምትደረድሩበት ሁሉ፣ ረዘም ቢልባችሁም ታገሡኝ።

እናቴ ግራ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። የአልጋ በሽተኛ ያስታመመ ያውቀዋል፤ አንሶላ በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም ሦስት ጊዜ ይቀየራል። ዱባይ የምትሠራው ታናሽ እኅቴ ከጉሮሮዋ ቀንሳ ማሽኑን የገዛችልን ለዚሁ ነው። በበጋ ቢበላሽ ኖሮ እንዲህ ባልተማረርኩ፤ ጠዋት የተሰጣ ለቀትር ይደርሳል። ጉዱ የመጣው ግን ሐምሌ በገባ በሳምንቱ ነው። የማርቆስን ሐምሌ ለማርቆስ ሰው አልነግርም። ከጮቄ በኩል የሚመጣው ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ አንሶላው ገመድ ላይ ሦስት ቀን ውሎ አድሮ እርጥብ እንደሆነ ይወርዳል፤ ከዚያ ጠረኑ ቤቱን ይሞላዋል።

ማሽኑ ውኃውን ሞልቶ ያጥባል፤ ማፍሰስ ላይ ሲደርስ እንደ መቃተት ብሎ ቀጥ ይላል። በሩም አይከፈትም። የእናቴ አንሶላ በቆሸሸ ውኃ ውስጥ ተንሳፍፎ በመስታወቱ በኩል ያየኛል፤ እኔም አየዋለሁ።

መጀመሪያ የመጣው ሰው «እዚህ አይሆንም» ብሎ በጋሪ አስጭኖ ወሰደው። ሁለት ቀን ያለው አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነ። ሲመልሰው ሁለት ጊዜ አጠበልኝ፤ መጭመቅ ሲጀምር ግን እንደ በቅሎ ፈረጠጠ። ከግድግዳው ሁለት ክንድ ሄዶ ሶኬቱን በራሱ ነቅሎ ነው የቆመው። ደውዬ ብነግረው «ወለልሽ ነው ጠማማው» አለኝ። በእናቱ ዕድሜ ባልሆንም በእኅቱ ዕድሜ ነኝ፤ «አንቺ» ማለቱን እንኳን ልተወው። በማግስቱ የድሮው በሽታ ተመለሰና ውኃው እንደገና ቆመ።

ሁለተኛው ብሎን እንኳን አልፈታም። ቁልፉን ሁለት ጊዜ ተጫነ፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ «ቦርዱ ተቃጥሏል» አለ። አሥራ ስድስት ሺህ ብር። ስድስት ሺህ ቀብድ ሰጠሁት፤ የመምህር ደመወዝ ስንት እንደሆነ የምታውቁ እዚህ ላይ አብራችሁኝ ተቆጡ። ዕቃው ነገ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ይመጣል፣ መንገድ ተዘግቶ ነው ሲለኝ ሰነበተና ስልኩ ጠፋ። ሦስተኛው ከሌላ ከተማ በስልክ ብቻ ነበር፤ «ጣዪውና አዲስ ግዢ» አለኝ፣ ቀጥሎም አዲሱ እሱ ዘንድ እንደሚገኝ ነገረኝ። የማንንም ስም አልጠራም፤ ልጆች አሏቸው።

እስከ ነሐሴ መጨረሻ በሳፋ አጠብኩ። ጣቶቼ ተሰነጣጥቀው በርበሬ መንካት አቅቶኝ ወጡን ጎረቤት ትሠራልኝ ነበር።

ይህን ልጅ የጠቆመችኝ አብራኝ የምታስተምር ሴት ናት። እውነት ለመናገር አላመንኳትም፤ የመጣው ይምጣ ብዬ ነው የደወልኩት። ዝናብ እየዘነበ በእግሩ መጣ፤ የመሣሪያ ቦርሳውን በፌስታል ጠቅልሎታል። ጫማውን ማንም ሳይጠይቀው ደጃፍ ላይ አወለቀ። ወደ ማሽኑ ከመሄዱ በፊት የእናቴን ድምፅ ሰምቶ ወደ አልጋዋ ቀረበ፤ ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ እንዴት ዋሉ?» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እትዬ፣ ከመቆሙ በፊት ምን ዓይነት ድምፅ ያሰማ ነበር? ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አለኝ። ከሦስቱ አንዱም ይህን አልጠየቀኝም። እኔም የልቤን ሁሉ ዘረገፍኩለት፤ የበቅሎውን ነገር ስነግረው ብቻ ፈገግ አለ።

ዝርግ ትሪ ጠየቀኝ፤ የቡናውን ትሪ ሰጠሁት። ከማሽኑ በታች፣ በፊት ለፊቱ በቀኝ በኩል፣ መዳፍ የምታህል ክዳን አለች። ማሽኑ ከመጣ ጀምሮ አይቻታለሁ፤ ጌጥ ትመስለኝ ነበር። እሷን ከፍቶ ከውስጥ ያለውን ውታፍ ቀስ እያለ ሲያላላ ውኃው መውረድ ጀመረ። ትሪው ሲሞላ ያጠብቀዋል፣ ይደፋል፣ ይመለሳል፤ አሥራ ሁለት ጊዜ ቆጥሬያለሁ። ወለሌን ጠብታ አልነካውም። በመጨረሻ ውታፉን ነቅሎ ሲያወጣው አብሮ የወጣውን ትሪው ላይ አንድ በአንድ ደረደረልኝ። አንድ የፀጉር ማስያዣ፣ ሁለት የአንድ ብር ሳንቲም፣ ከነጠላ ጥለት የተመዘዘ የክር ድብልብል፣ ደግሞ አራት ጥቁር የእንጨት ፍሬዎች።

ፍሬዎቹን ሳይ ጉልበቴ ራደ። እናቴ መቁጠሪያዋ አንሶላው ውስጥ ከተበጠሰባት ከሰኔ ጀምሮ ስትብሰለሰል ነበር። የቀረውን በጨርቅ ቋጥራ ትራሷ ሥር ታስቀምጠዋለች። ነገሩን ስነግረው ምንም አላለም። ፍሬዎቹን ቧንቧው ሥር በሳሙና አጠባቸው፣ በራሱ መሐረብ አደረቃቸው፣ ሄዶ በምትታዘዘው በቀኝ እጇ መዳፍ ላይ አስቀመጠላት። እናቴ ቋጠሮዋን አስፈትታኝ ቆጠረች። አርባ አንድ መሆን ነበረበት፤ አርባ መጣ። «አንዷን እግዚአብሔር ይቁጠራት» አለችና «እጅህ ይባረክ፣ ልጄ» ብላ መረቀችው። እኔ ከቤት ወጥቼ ነው ያለቀስኩት።

ስለ ፈረጠጠው ነገር ደግሞ ላዩን ከፍቶ አሳየኝ። ማሽን ውስጥ ሲሚንቶ አለ ብሎ ማን ያምናል? አለ! እንደ ወፍጮ መጅ የከበደ የሲሚንቶ ድንጋይ በብሎን ታስሮበታል፤ ልብሱ በኃይል ሲሽከረከር ማሽኑን የሚያረጋው እሱ ነው። ከብሎኖቹ ሁለቱ የሉም። አንዱ ጠጋኝ ፈትቶ ሳይመልሳቸው ቀርቷል ማለት ነው። ልጁ ከዱቄት ወተት ቆርቆሮው ውስጥ የሚገጥሙ ብሎኖች ፈልጎ አሰረው። እግሮቹንም በቁልፍ እያዞረ አስተካከለና ውኃ የሞላ ሲኒ ላዩ ላይ አስቀመጠ። «ወለልዎ ትንሽ ያዘነብላል፤ ግን እግሩ የተሠራው ለዚህ ነው» አለኝ። «ቦርዱስ?» አልኩት። «ቦርዱ ደኅና ነው፣ እትዬ። የተቃጠለው ገንዘብዎ ነው።»

ልንሞክረው ስንል መብራት ጠፋ። ሌላ ሰው ቢሆን ሒሳቡን ተቀብሎ «ሲመጣ ሞክሪው» ብሎ ይሄድ ነበር። እሱ ግን «ሲጨምቅ ሳላይ አልሄድም» ብሎ ተቀመጠ። ሁለት ሰዓት ያህል በሻማ ተቀመጥን። ከሰል አቀጣጥዬ ቡና አፈላሁ። እናቴም ከስንት ጊዜ በኋላ አፏ ተፈታ፤ ቢቸና አካባቢ በልጅነቷ የእንዶድ ፍሬ ወቅጠው ወንዝ ወርደው ነጠላ ሲያጥቡ፣ አረፋው ድንጋዩን ሲያለብሰው፣ ጋቢውን በእግራቸው እየረገጡ ሲዘፍኑ አወራችለት። እኔም ሳይንስ አስተማሪነቴ አላስቀምጥ ብሎኝ ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጆቹ 1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው እንዳየ፣ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ በእንዶድ የመግደሉ ምርምር ከዚያ እንደጀመረ ጨመርኩ። ልጁ «እኛ ታዲያ ሳሙናውን ንቀን ማሽኑን ነው የምንጠግነው» ብሎ አሳቀን። ከርዕሴ ወጣሁ፤ ግን እናቴ የሳቀችበትን ቀን ልዝለለው?

መብራት ሲመጣ ወዲያው አላበራውም፤ «እስኪረጋ» ብሎ አሥር ደቂቃ ጠበቀ። ከዚያ አጠበ፣ አፈሰሰ፣ ጨመቀ። ሲኒው ተንቀጠቀጠ እንጂ ጠብታ አልፈሰሰም።

ሒሳቡ ብሎኑን ጨምሮ ሰባት መቶ ብር። በቀብድ የተበላሁት የዚህን ከስምንት እጥፍ በላይ ነው። ሺህ ብር ብሰጠው ሦስት መቶውን መለሰልኝ፤ የትራንስፖርት ብዬ ብለምነውም «በእግሬ ነው የመጣሁት» አለ።

ብዙ ነገር አስረዳኝ፤ ግማሹ አልገባኝም። የገባኝን ልንገራችሁ። ያቺን ትንሽ ክዳን በወር አንድ ጊዜ ክፈቷት፤ ውኃው ትኩስ ከሆነ ግን እስኪበርድ ጠብቁ። ለእጅ የሚሆነው ዱቄት ሳሙና አረፋው ስለሚበዛ ማሽኑን ያውከዋል፤ ካጣችሁም በጣም ቀንሱት። ማሽኑ ውኃ አልሞላ ካለ ደግሞ ቱቦው ከጀርባ የሚገባበት ቦታ ላይ ትንሽ ወንፊት አለች፤ ከታንከር የሚመጣው ደለል እዚያ ይጠራቀማል። ጋቢ ብቻውን አትክተቱ፣ ውኃ ጠጥቶ በአንድ ወገን ይከመራል። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ።

ሐቀኛነቱን በጎረቤቴም አይቻለሁ። ዘመዶቿ ከአሜሪካ ያመጡላትን አነስተኛ የልብስ ማድረቂያ እንዲያስጀምርላት ጠራችው። ጀርባውን አነበበና «ይህ 120 ቮልት ይላል፣ የእኛ 220 ነው፤ እንዲሁ ቢሰኩት ይቃጠላል። ይህን የሚችል ትራንስፎርመር ደግሞ ውድ ነው» ብሏት ሄደ። አምስት ሳንቲም አልተቀበለም። ሌላው ቢሆን ሰክቶ አቃጥሎ ለጥገና ይወስደው ነበር።

ስሜን አትጻፉ ብሎኛል፤ «ሥራ ይበዛብኝና ሰው እዋሻለሁ» ነው ምክንያቱ። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። እባካችሁ ጥሩት። ቀብድ የሰጣችሁት ሰው ጠፍቶባችሁም ከሆነ ጥሩት። እሑድ አይሠራም፤ ቀጠሮ ካበዛችሁበት ግን «አልችልም» ብሎ በቀጥታ ይነግራችኋል እንጂ አያንከራትታችሁም። ስትደውሉለት መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ማሽኑ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ ነው። አትፈሩ፣ በአፋችሁ አስመስሉለት። እኔም በዚህ ዕድሜዬ በስልክ አቃስቼለታለሁ።