ቢጂኢንፎ፣ ሬይንሜትር ወይስ ኮንኪ? የጽሑፍ ፋይል ዎልፔፐር ላይ ለማሳየት

የቀኑን ሥራ አንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ ፋይሉን ሳልከፍተው ይመሻል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዝርዝሩ ዎልፔፐሩ ላይ ተጽፎ ቢጠብቀኝ ብዬ መፈለግ የጀመርኩት ለዚህ ነው። ከታች ያሉት ሦስቱም ፕሮግራሞች (ሁለቱ ለዊንዶውስ፣ ኮንኪ ለሊኑክስ) በነጻ ይገኛሉ፣ ስለዚህ ዋጋውን ተዉት። ዋናው ጥያቄ ፋይላችሁ በቀን ስንቴ ይቀየራል የሚለው ነው።

ጠዋት አንዴ ጽፋችሁ የምትተዉት ከሆነ ቢጂኢንፎ ይበቃችኋል። የማይክሮሶፍት ሲስኢንተርናልስ ትንሽ ፕሮግራም ናት። የተሠራችው ለአይቲ ሰዎች ነው፣ የኮምፒውተሩን ስምና አይፒ አድራሻ ዴስክቶፕ ላይ እንድትጽፍላቸው። ግን ከስተም የሚለው ውስጥ ገብታችሁ አዲስ ፊልድ ስትፈጥሩ የፋይል ይዘት የሚያሳይ ምርጫ አለ፤ ፋይላችሁን ታሳዩዋታላችሁ፣ አለቀ። ጽሑፉን የዎልፔፐሩ ምስል ላይ ታትመውና ራሷ ትዘጋለች። ራም የሚባል ነገር ይዛ አትቀመጥም፣ ላፕቶፓችሁ እንደኔው ያረጀ ከሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጣጣዋም ከዚሁ ይመጣል። ፋይሉን ብትቀይሩት ዎልፔፐሩ አይሰማም። "ኪራይ ክፈል" የሚለውን ከፍዬ ከሰረዝኩት በኋላ እንኳ ቀኑን ሙሉ ሲያፈጥብኝ ዋለ። ታስክ ስኬጁለር (ፕሮግራሞችን በሰዓታቸው የሚያስነሳው የዊንዶውስ መሣሪያ) በየሰዓቱ እንዲያስነሳት ማድረግ ይቻላል፤ ታይመሯን ዜሮ ካላደረጋችሁ ግን በተነሳች ቁጥር መስኮት ከፍታ 10 ሰከንድ ትቆጥራለች። ያናድዳል።

ፋይሉ ቶሎ ቶሎ የሚቀየር ከሆነ ሬይንሜትር ይሻላል። እሱ ከጀርባ ሁሌ ይሠራል፣ ፋይሉንም ባላችሁት የጊዜ ልዩነት መልሶ ያነባል። መልኩም ያምራል። ግን ምን የት እንደሚታይ የሚነግረውን ስኪን የሚባለውን ፋይል ራሳችሁ መጻፍ ወይም ከሌላ ሰው ወስዳችሁ ማስተካከል አለባችሁ፣ ኮድ ሲያዩ የሚያማቸው ሰዎች እዚህ ላይ ይቅሩ። ስኪኑ ውስጥ ራሱ አማርኛ ከጻፋችሁ ዩቲኤፍ 16 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ (ኢንኮዲንግ) አድርጋችሁ ሴቭ አድርጉት፣ አለዚያ ዝባዝንኬ ነው የሚወጣው። ፎንቱን ኢብሪማ በሉት፤ ዊንዶውስ 10 ላይ አብሮ ይመጣል፣ ሌላው የአማርኛ ፎንት ኒያላ ግን ለብቻው የሚጫን ሆኗል። ከፋይሉ አንድ መስመር ብቻ በዘፈቀደ እያወጣ የሚያሳይ ኩዎት የሚባል ፕለጊንም (ተጨማሪ መሣሪያ) አለው፣ የውጭ ቋንቋ ቃላት ለምታጠኑ ግሩም ነው።

ሊኑክስ ላይ ከሆናችሁ ኮንኪ። ቴል በሚለው ትእዛዝ የፋይሉን የመጨረሻ መስመሮች ያመጣላችኋል፣ እስከ 30 መስመር። አማርኛ ሲሆን ግን ጽሑፉ መሀል ላይ ሊቆረጥባችሁ ይችላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የኮንኪ የጽሑፍ መያዣ ሳትነኩት 256 ባይት ነው፣ አንድ የአማርኛ ፊደል ደግሞ በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይወስዳል። ወደ 85 ፊደል ላይ ሞላ ማለት ነው። የኮንኪ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ቴክስት በፈር ሳይዝ (text_buffer_size) የሚለውን 2048 አድርጉትና እረፉ። ፎንቱንም በስሙ ጥሩት፣ ለምሳሌ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ።

የትኛውንም ብትመርጡ ፓስወርድ ያለበትን ፋይል እዚያ እንዳትሰቅሉ። እኔ ስብሰባ ላይ ስክሪን ሼር ሳደርግ የገበያ ዝርዝሬን ሁሉም አነበበው፣ አንዱማ "ሽንኩርት ስንት ገባ?" አለኝ።