ተገጣጣሚ የፋይበር መስመር፦ የሳጥኑ ጫፍ ተገጥሞ ይምጣ፣ የቤቱ ጫፍ ይቅር

ሁለት ፋይበር አቅልጦ የሚያያይዘውን ስፕላይሲንግ ማሽን ይዞ ምሰሶ ላይ መንጠልጠልን ያስቀራል ተብሎ የሚሸጠው ተገጣጣሚ ስርዓት በዋናነት ሁለት ዕቃ ነው። አንዱ በውስጡ ስፕሊተር (ብርሃኑን ለብዙ ደንበኛ የሚከፍል ዕቃ) ያለው፣ 8 ወይም 16 መሰኪያ ከውጪ የተደረደረበት የታሸገ ማከፋፈያ ሳጥን ነው። ሌላው ርዝመቱ ተለክቶ የተቆረጠና ኮኔክተሩ (የሚሰካው ጫፍ) ፋብሪካ ውስጥ የተገጠመለት ድሮፕ ኬብል፣ ማለትም ከሳጥኑ ወደ ደንበኛው ቤት የሚሄደው መስመር ነው። ሳጥኑን መክፈት አያስፈልግም፤ ኬብሉ ይሰካል፣ ደንበኛው ይገናኛል። በማስታወቂያ ቪዲዮው ላይ የቴክኒሺያኑ ጓንት እንኳ አይቆሽሽም። ስራው ላይ ግን የሚያዋጣው ሙሉው ስርዓት ሳይሆን ግማሹ ነው፦ በሳጥኑ በኩል ኮኔክተር ያለው፣ በቤቱ በኩል ጫፉ ባዶ የሆነ ኬብል።

ቁጠባው የት እንዳለ መለየት ያስፈልጋል። ሁለት ፋይበር ማገናኘት ራሱ ጊዜ አይፈጅም፤ ማሽኑ በ10 ሰከንድ ገደማ ያያይዛል፣ መከላከያ እጀታውን ማሞቅ ደግሞ ግማሽ ደቂቃ ቢወስድ ነው። ጊዜ የሚበላው መሰላል ላይ ቆሞ ሽፋን መላጥ፣ 250 ማይክሮን የነበረውን ፋይበር ወደ 125 ማውረድ፣ በአልኮል መጥረግ፣ በክሊቨር (የፋይበር መቁረጫ) መቁረጥ፣ ነፋስ አቧራ ሲያመጣ እንደገና ከመጀመሪያው መነሳት ነው። ከዚያ የሌሎች ደንበኞች ፋይበር በተጠመጠመበት ትሪ ውስጥ የራስን መስመር ማስቀመጥ ይመጣል፤ ዋናው ጉዳት የሚደርሰውም እዚህ ላይ ነው። አዲስ ደንበኛ ለማስገባት ሳጥን ሲከፈት የአንዱ ጎረቤት ፋይበር በክዳኑ ይቆነጠጣል፣ የሌላው ከሚገባው በላይ ይታጠፋል፣ ማታ ላይ ስልክ ይደወላል። መሰኪያው ከውጪ የሆነ ሳጥን ይህን ጣጣ ከስሩ ይነቅለዋል። ለዚህ ብቻ ተጨማሪ ዋጋ ቢከፈልበት አይቆጭም።

የውጪው ኮኔክተር ሲገለጥ ውስጡ ያው የምናውቀው አረንጓዴ ኤስሲ/ኤፒሲ (ፊቱ ያዘነበለ የፋይበር ኮኔክተር) ነው፤ በላዩ ጠንካራ የፕላስቲክ ቀፎ፣ የጎማ ቀለበትና ማጥበቂያ ተጨምሮበታል። አሰካኩ ቀላል ቢመስልም ቅደም ተከተል አለው። የኬብሉ ክዳን የሚወልቀው ከመሰካቱ በፊት በመጨረሻዋ ደቂቃ ነው፤ ኬብል ሲጎተት ክዳኑ አብሮ ይሄዳል። ጫፉ በ2.5 ሚ.ሜ. ማጽጃ ብዕር አንዴ ይጠረጋል፣ በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ ቀጥሎ የሳጥኑ መሰኪያ ውስጡ በዚያው ብዕር ይጸዳል። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ከዚያ ንጹሕ ኮኔክተር ቆሻሻ መሰኪያ ውስጥ ይገባና ሁለቱም ይቆሽሻሉ። በኮኔክተሩና በመሰኪያው ላይ ያሉት ምልክቶች ፊት ለፊት ሲሆኑ ሳይጠመዘዝ ቀጥ ብሎ ይገፋል፣ ቀጥሎ ማጥበቂያው በእጅ ብቻ ክፍተት እስከማይቀር ይዞራል። ፒንሳ አይነካውም። የጎማ ቀለበቱ ከቦታው ከወጣ ወይም ከተቆነጠጠ አይፒ68 (አቧራና ውሃ አያስገባም የሚለው ደረጃ) ተብሎ የተጻፈው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ክረምት ሲገባ ውሃው መንገዱን አያጣም። ያልተሰካበት መሰኪያም መዝጊያው ሊወልቅለት አይገባም። የሞኖ ሞድ (ሲንግል ሞድ) ፋይበር እምብርት፣ ማለትም ብርሃኑ የሚያልፍበት መሃሉ፣ 9 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ በዓይን የማትታይ አንዲት ብናኝ ትሸፍነዋለች።

ስለ ብርሃን ብክነት ሻጮች ብዙም አያወሩም። ጂፖን የሚባለው የፋይበር ኢንተርኔት ስርዓት በክላስ ቢ+ ደረጃው የሚፈቅደው ብክነት 28 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የብርሃን መዳከም መለኪያ) ነው። ባለ 4 እና ባለ 16 ስፕሊተር ተከታትለው 64 ደንበኛ የሚያገለግል መስመር እንውሰድ፤ ሁለቱ ስፕሊተሮች ብቻ 21 ዲቢ ገደማ ይወስዳሉ። 6 ኪሎ ሜትር ፋይበር በ1310 ናኖ ሜትር ላይ፣ በኪሎ ሜትር 0.35 ሲታሰብ፣ 2.1 ይጨምራል። በተለመደው አሰራር 6 ኮኔክተር በ0.3፣ 6 ስፕላይስ ደግሞ በ0.1 ቢያዙ ድምሩ 25.5 ይመጣል፤ የሚተርፈው 2.5 ዲቢ ነው። ሦስቱን ስፕላይስ በኮኔክተር ስንተካ ድምሩ 26.1 ይሆናል፣ ይህም ያስኬዳል። ችግሩ 0.3 የተለመደው ልኬት እንጂ የሻጩ ዋስትና አለመሆኑ ነው፤ በወረቀቱ ላይ ከፍተኛ ተብሎ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ 0.5 ነው። ዘጠኙም ኮኔክተሮች 0.5 ቢሆኑ 27.9 ላይ ደረስን፣ አንዲት ቆሻሻ ጫፍ ስትጨመር ኦኤንቲው (ደንበኛው ቤት ያለው የፋይበር ሳጥን) ቀይ ያበራል። ስለዚህ ከኦኤልቲው (የአገልግሎት ሰጪው ማዕከል መሣሪያ) እስከ ማከፋፈያው ድረስ ያለው ዋና መስመር በስፕላይስ ይሰራ፤ እዚያ ስራው አንድ ጊዜ ነውና ተሰኪ ነገር አያስፈልገውም።

ሁለት ጫፉ የተገጠመ ኬብል ትልቁ እንከን ትርፍ ርዝመቱ ነው። ጂ+4 ኮንዶሚኒየም ላይ ሳጥኑ ሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ተሰቅሎ አራተኛ ፎቅ መጨረሻ ላይ ያለ ቤት 31 ሜትር ቢፈልግ፣ ሻጩ ያለው 30 እና 50 ከሆነ፣ 50 ይወሰዳል። የሚተርፈው 19 ሜትር በ20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ሲጠመጠም 30 ዙር ነው። አንዱ ቤት ምንም አይደል፤ አስር ቤት እንዲህ ሲሆን ደረጃው ላይ የተሰቀለው ጥቅል የልብስ ማስጫ ይመስላል፣ ሕጻናት ይጎትቱታል፣ ቀለም ቀቢው ይጠቀልለዋል። ሌላም አለ፦ ውሃ የማያስገባው ኮኔክተር ከእነ ማጥበቂያው ግድግዳ ውስጥ በተቀበረ 16 ሚ.ሜ. ቱቦ አያልፍም። ባዶው ጫፍ ግን ከሳጥኑ ተነስቶ ወደ ቤቱ ይጎተታል፣ በጠባብ ቱቦ ያልፋል፣ ትርፉ እዚያው ይቆረጣል። ኮኔክተሩም ሲጎተት አይጎዳም፤ ከሳጥኑ አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቃል።

የቤቱን ጫፍ በምን እንዝጋው ለሚለው ምርጫው ሁለት ነው። ያለ ማሽን በእጅ የሚገጠመው፣ ፋስት ኮኔክተር የሚባለው ርካሽና ፈጣን ነው፤ ሆኖም ውስጡ ባለው ጄልና በአቆራረጡ ጥራት ላይ የቆመ ስለሆነ ዛሬ ጥሩ የለካው ኬብሉ ሲነካካ ሊቀየር ይችላል። ለአስቸኳይ ጥገና በቦርሳ ይኑር እንጂ ለቋሚ ስራ አይመከርም። የተሻለው ፒግቴል (አንድ ጫፉ ኮኔክተር ያለው አጭር ፋይበር) በስፕላይስ አያይዞ በግድግዳ ሳጥን ውስጥ ማኖር ነው፦ ጠረጴዛ አለ፣ መብራት አለ፣ ነፋስ የለም። ጠፍጣፋው ድሮፕ ኬብል መሃሉ ላይ ካለው ጉድጓድ ተሰንጥቆ ለሁለት ይቀደዳል፣ ፋይበሩ ከመካከል ይወጣል። ከመገናኘቱ በፊት እጀታውን ማስገባት አይረሳ። ሁሉም አንዴ ይረሳዋል።

ሲገዛ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው የኮኔክተሩ ቤተሰብ ነው። የኮርኒንግ ኦፕቲታፕ፣ የሁዋዌ ሚኒ ኤስሲና ፉልአክስ የሚባሉት ውስጣቸው ቢመሳሰልም ቀፏቸው አይጋባም፤ ሳጥን ከአንዱ፣ ኬብል ከሌላው ገዝቶ ማገናኘት አይቻልም። አንዴ የተመረጠው ቤተሰብ ለዓመታት አብሮ ይኖራል፤ ስለዚህ መለዋወጫ ኬብሉ ከሁለተኛ አቅራቢም መገኘቱን ሳያረጋግጡ አለመፈረም ነው። ፋይበሩ ጂ.657ኤ2 የሚባለው መታጠፍ የሚችል ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ እስከ 7.5 ሚ.ሜ. ራዲየስ ይታጠፋል፣ ኤ1 ግን 10 ሚ.ሜ. ይፈልጋል። ነጩ የቤት ውስጥ ኬብል ውጪ ሲዘረጋ ፀሐይ ሽፋኑን ስለምትሰነጥቀው ለውጪ ጥቁሩ ነው። ምሰሶው የኤሌክትሪክ መስመር የሚጋራ ከሆነ ብረት የሌለበት፣ በፋይበር ግላስ ዘንግ የተጠናከረ ኬብል ይታዘዝ።

ብርሃኑ ሲደክም የት እንደሚፈለግ ሁለቱ የሞገድ ርዝመቶች ይናገራሉ። በ1310 ጥሩ ሆኖ በ1550 ናኖ ሜትር ብክነቱ ከጨመረ የሆነ ቦታ ታጥፏል፤ ብዙ ጊዜ ጥቅሉ ወይም የግድግዳ ሳጥኑ ክዳን ነው። በሁለቱም እኩል ከከፋ ኮኔክተር ይጸዳ። አረንጓዴ ኤፒሲ ፊቱ ካላዘነበለው ሰማያዊ ዩፒሲ ጋር ተሰክቶ ከሆነ ማጽዳት አይረዳም፤ የአንዱ ፊት 8 ዲግሪ ያዘነበለ ስለሆነ በመካከላቸው አየር ይቀራል፣ ብክነቱም በብዙ ይጨምራል። ኦኤንቲው ጋ የሚደርሰው ብርሃን ከ−27 ዲቢኤም (የብርሃን ጉልበት መለኪያ) በታች ከሆነ አይሰራም፤ ከ−25 በታች የሚለካ መስመርም ቢሰራ፣ ክረምት ላይ ለብልሽት እንደሚያስጠራ ከወዲሁ ይታሰብ።

ሳጥኖች በሰንሰለት የሚያያዙበት፣ ብርሃኑን እኩል በማይከፍል ስፕሊተር የሚሰራው ዘዴ ለገጠር መንገድ ዳር ይመቻል፤ ፎቅ ላይ ግን አይመከርም። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ የመጨረሻው ሳጥን ብርሃን ያጣል፣ የመጀመሪያው ከተነቀለ ደግሞ ከኋላው ያሉት ሁሉ ይጠፋሉ።

16 ቤት ላለው ደረጃ የሚታዘዘው፦ ባለ 16 መሰኪያ ሳጥን 1፣ አንድ ጫፉ የተገጠመ ባለ 30 ሜትር ኬብል 10 እና ባለ 50 ሜትር 8 (ሁለቱ መጠባበቂያ)፣ ኤስሲ/ኤፒሲ ፒግቴል 20፣ መከላከያ እጀታ 25፣ የግድግዳ ሳጥን 16፣ ማጽጃ ብዕር 2፣ ትርፍ የመሰኪያ መዝጊያ 4። መዝጊያዎቹን ሻጩ በነጻ ካልሰጠ ተከራከሩት፤ መጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ ናቸው።