ዲሽዋሸራችንን ለገጠሙልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና እና ጥቆማ

በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ለምትኖሩ ወገኖች፦ አሮጌውን ዲሽዋሸራችንን (የዕቃ ማጠቢያ ማሽናችንን) ነቅለው አዲሱን ለገጠሙልን ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ መግለጽ እወዳለሁ። የውሃ መስመሩ እንደማያፈስ አረጋግጠው፣ ሒሳባቸውን ተቀብለው መሄድ ሲችሉ፣ የወጥ ቤታችንን ቁም ሣጥን አስከፍተው የትኛው ዕቃ ማሽን ውስጥ እንደሚገባ፣ የትኛው በእጅ መታጠብ እንዳለበት ከነምክንያቱ አስረዱን።

ከሁሉም የጠቀመን ምክንያቱን መንገራቸው ነው። የዲሽዋሸር ሳሙና በእጅ ከምናጥብበት ፈሳሽ ሳሙና እጅግ የበረታ ነው፤ ውሃውም በጠንካራው እጥበት እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊሞቅ ይችላል። ስለዚህ የአሉሚኒየም ድስት ይጠቁራል፤ የብረት መጥበሻ በዘይት የተሟሸው ገጹ ተገፎ ይዝጋል፤ የእንጨት ማማሰያና መክተፊያም ውሃ ጠጥቶ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጀበናችንን አንስተው ሆዱን በጣታቸው እየዳበሱ፣ ሸክላ ሳሙናውን መጥጦ ኋላ ከቡናው ጋር ሊመልሰው ስለሚችል በሙቅ ውሃ ብቻ እንድናለቀልቀው መከሩን። ወርቃማ ጠርዝ ያላቸው ስኒዎችም ጌጣቸው በየእጥበቱ እየሳሳ ስለሚሄድ በእጅ ይታጠቡ አሉ፤ ተራውን ነጭ ስኒ ግን ያለ ሥጋት ማስገባት ይቻላል። ስለ ፕላስቲክ ዕቃ የነገሩን ማሽን ውስጥ መታጠብ እንደሚችል የሚያሳየውን ምልክት ከሥሩ አይተን ላይኛው መደርደሪያ ላይ እንድናደርገው ነው፤ በብዙ ማሽኖች ማሞቂያው የሚገኘው ከታች ነውና።

ባለቤቴ በአሮጌው ማሽን ስትታጠብ የደበዘዘች ብርጭቆ ስታሳያቸው፣ ጨርቅ በኮምጣጤ ነክረው አንዱን ጎኗን ጠረጉት። ብዥታው ከለቀቀ የውሃው ኖራ ነው፤ ካልለቀቀ ግን ብርጭቆው ራሱ ተበልቷልና ወደ ቀድሞው አይመለስም። የእኛዋ ለቀቀች፤ ልንጥላቸው የነበሩት ብርጭቆዎች ሁሉ ተረፉ።

ለዚህ ሁሉ ማብራሪያ ተጨማሪ ክፍያ አልጠየቁም። እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ሥራቸውን ይባርክላቸው። ስልክ ቁጥራቸውን እዚህ ማውጣት ተገቢ ስላልመሰለኝ፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሲመጡም የምትጠራጠሩበትን ዕቃ ጠረጴዛ ላይ አውጥታችሁ ጠብቋቸው፤ አንድ በአንድ እያነሡ ያዩላችኋል።