የማህፀን በር ፖሊፕ ማስወጣት፦ ከሪፈር ወረቀቱ እስከ ፓቶሎጂ ውጤቱ ያለው አገልግሎት ሲመዘን

በሆስፒታሎችና በልዩ ክሊኒኮች ከሚሰጡ የማህፀን ሕክምናዎች መካከል የማህፀን በር ፖሊፕን (ከማህፀን በር ላይ በግንድ ተንጠልጥሎ የሚበቅል ትንሽ ሥጋ) ማውጣት ከአጭሮቹና ከቀላሎቹ አንዱ ነው። ታካሚዋ አልጋው ላይ ከወጣች በኋላ ሥራው ራሱ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ማደር የለም፣ በአብዛኛው ማደንዘዣም አያስፈልግም፣ በዚያው ቀን በእግር ወደ ቤት ይኬዳል። ይህን የአገልግሎቱን ክፍል ከ5 ሙሉ 5 እንሰጠዋለን። በዙሪያው ያለውን ማስረዳትና የውጤት አሰጣጥ ግን ከ2 በላይ መስጠት አልቻልንም። ሴቶችን እንቅልፍ የሚነሷቸው ሁለት የዝምታ ጊዜዎች አሉ፤ አንዱ ሪፈር ከተጻፈበት ቀን እስከ ሆስፒታሉ ቀጠሮ፣ ሌላው ናሙና ከተወሰደበት ቀን እስከ ፓቶሎጂ (የወጣው ሥጋ በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ምርመራ) ውጤት። አገልግሎት ሰጪውን የመዘንነው በእነዚህ ሁለት ጊዜዎች ለታካሚዋ በሚያደርገው ነገር ነው።

ሪፈር ከተጻፈ በኋላ

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ጤና ጣቢያ ነው። ዕድሜዋ ከ30 እስከ 49 የሆነች ሴት ለማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ትገባለች። ባለሙያዋ ስፔኩለም (ብልትን ከፍቶ የማህፀን በሩን የሚያሳይ መሣሪያ) አስገብታ የማህፀን በሩን አሴቲክ አሲድ (ኮምጣጤ ውስጥ ያለው አሲድ) ትቀባና 1 ደቂቃ ያህል ጠብቃ ነጭ የሆነ ቦታ መኖር አለመኖሩን ታያለች። በዚህ መሀል ከማህፀን በሩ ቀዳዳ ብቅ ያለ ቀይ፣ ለስላሳ፣ በቀጭን ግንድ የተንጠለጠለ ሥጋ ይታያታል። ጤና ጣቢያው ማውጫ መሣሪያም ፓቶሎጂም ከሌለው ሪፈር ትጽፋለች። ይህ ትክክለኛ አሠራር ነው። ለቅድመ ካንሰር (ካልታከመ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ለሚችል የሴል ለውጥ) በሚያገለግለው የማቀዝቀዣ ወይም የማቃጠያ መሣሪያ ፖሊፑን እዚያው ልምታው ብትል መመርመር ያለበትን ሥጋ ታበላሸዋለች።

የሚያስወቅሰው ወረቀቱን ሰጥቶ ዝም ማለቱ ነው። ለካንሰር ምርመራ ገብታ ሪፈር ይዛ የወጣች ሴት ምን እንደምታስብ ለመገመት አይከብድም። ጥሩ ባለሙያ ሁለት ነገር ለይታ ትነግራታለች፦ የአሴቲክ አሲዱ ውጤት ምን እንደሆነና ፖሊፕ መታየቱን። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ግኝቶች ናቸው፤ ፖሊፕ ያላት ሴት የአሲዱ ምርመራዋ ንጹህ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በሪፈሩ ላይ ተለይተው እንዲጻፉ ጠይቁ። የፖሊፑም መጠን ይጻፍ፤ ብዙዎቹ ከጥቂት ሚሊ ሜትር እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይደርሳሉ። መጠኑን የምታውቅ ሴት «አንድ ነገር በቅሏል» ከተባለች ሴት ይልቅ ትረጋጋለች።

ከዚህ ጋር መነገር ያለበት ይህ ነው፦ የማህፀን በር ፖሊፕ በብዛት የሚታየው ወልደው በሚያውቁ፣ በተለይ በ40ዎቹና በ50ዎቹ ዕድሜ ባሉ ሴቶች ላይ ነው። ካንሰር የሚገኝበት ከ100 ፖሊፖች ከ1 ባነሰው ነው። በግንኙነት የሚተላለፍ በሽታ አይደለም። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ባል ባለበት መናገር ይጠቅማል፤ ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም በብዙ ቤት ያልሆነ ጥርጣሬ ይጭራል፣ ሴቷም ከሕመሙ በላይ በዚያ ትጎዳለች።

ቀጠሮው ለሳምንታት ቢርቅ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ቀጠሮ መጠበቅ የሌለባቸው ሁኔታዎችም አሉ። የወር አበባዋ ከቆመ 1 ዓመት ያለፋት ሴት ደም ካየች፣ ደሙ በሰዓት አንድ ሞዴስ የሚያረጥብ ከሆነ፣ ወይም ባለሙያዋ ያየችው ነገር ጠንካራ፣ የቆሰለ፣ ሲነካ የሚደማና ቅርጹ የተዛባ ከሆነ ሪፈሩ ላይ «አስቸኳይ» ተብሎ መጻፍ አለበት። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ደግሞ ቀድማ ትናገር፤ በእርግዝና ጊዜ የማይደማና አጠራጣሪ ያልሆነ ፖሊፕ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ወሊድ ይተዋል።

እስከ ቀጠሮው ያለውን ጭንቀት «አትጨነቂ» ማለት አያበርደውም፤ እንዲያውም የሚደብቁት ነገር አለ ያሰኛል። የሚሠራው ጭንቀቱን ቦታና ሰዓት መስጠት ነው። በቀን ብርሃን፣ ከመኝታ ቤት ውጭ፣ 20 ደቂቃ ተቀምጦ የሚያሳስበውን ሁሉ ወረቀት ላይ ማውረድ፤ ከዚያ ለሐኪም የሚቀርበውን ጥያቄ ለይቶ ማስመር። ሐሳቡ ሌሊት ሲመጣ «ተጽፏል፣ ነገ በሰዓቱ አየዋለሁ» ማለት ይቻላል። ልብ ሲመታ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ አየር ማስገባት፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ቀስ አድርጎ ማስወጣት፣ ይህንን ለ5 ደቂቃ መደጋገም። አወጣጡ ከአገባቡ መርዘሙ የልብ ምትን ያረጋጋል። የማታውን ቡና መተው፣ በእኩለ ሌሊትም ስልክ ላይ የካንሰር ፎቶ አለመፈለግ። ጸበል የምትጠመቅ ወይም የምትጠጣ ሴት ከሕክምናው ጋር የሚጋጭባት ነገር የለም፤ ቀጠሮውን ግን አታሳልፍ። እንቅልፍና ምግብ ከ2 ሳምንት በላይ እምቢ ካለ ግን ለሐኪሙ ይነገር፤ ጭንቀቱም ራሱን የቻለ ሕክምና አለው።

የሚወጣበት ቀን

ቀኑ የወር አበባ ካለቀ በኋላ ባሉት ቀናት ቢሆን ይመረጣል፤ ደም ካለ የግንዱ መነሻ አይታይም። በዋዜማው ግንኙነት ማድረግም ሆነ ውስጥን መታጠብ ይቅር። አስፕሪን፣ ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ሴት አስቀድማ ትናገር፤ በራሷ ግን አታቁም።

ብዙ ሴቶች «ኦፕራሲዮን ነው» ብለው ሳይበሉ ይመጣሉ፤ የጾም ወቅት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የማህፀን በር ሲነካ በአንዳንድ ሴት የልብ ምትና የደም ግፊት በድንገት ይወርዳል፤ ሆድ ባዶ ከሆነና ፍርሃት ከተጨመረበት ራስን መሳት ይከተላል። ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ለሚወጣ ፖሊፕ መብላት ይፈቀዳል፤ ቀለል ያለ ምግብ ተበልቶ ይምጣ። ሙሉ ማደንዘዣ የተነገራት ብቻ ናት ከምግብ የምትከለከለው። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመምና እርግዝና የሌለባት ሴት 400 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፌን ከምግብ ጋር ከ1 ሰዓት በፊት ብትወስድ ቁርጠቱ ይቀንሳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስፔኩለም ይገባል፣ የማህፀን በሩ በፀረ ተህዋስ ፈሳሽ ይጠረጋል፣ ፖሊፑ ከሥሩ በመቆንጠጫ ይያዝና ግንዱ እስኪላቀቅ በአንድ አቅጣጫ ይጠመዘዛል። መጠምዘዙ በግንዱ ውስጥ ያለውን የደም ሥር ስለሚዘጋ መድማቱ ጥቂት ነው። መነሻው ሲልቨር ናይትሬት ወይም ሞንሰልስ የሚባል ደም ማቆሚያ መድኃኒት ይቀባል። ሴቷ የሚሰማት የወር አበባን የመሰለ ቁርጠት ነው፤ እሱም ለአፍታ። ጥሩ ሐኪም እያንዳንዱን እርምጃ ከመሥራቱ በፊት ይናገራል፣ «ይብቃኝ» ስትል እንደሚያቆምም ቀድሞ ይነግራታል። ሴት ባለሙያ ክፍሉ ውስጥ መኖሯንም ከመስፈርቶቻችን አንዱ አድርገነዋል። ከዚያ በኋላ ወዲያው አለመነሳት፤ 10 ደቂቃ ጋደም ብሎ መቆየት ማዞርን ያስቀራል።

የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ግንዱ ወደ ውስጥ ርቆ ሲሄድ ጫፉን ብቻ ይዞ መሳብ፤ ሥሩ ይቀርና እንደገና ይበቅላል። ሁለተኛ፣ መነሻው ሰፊ የሆነውን ወይም ከማህፀን ውስጥ በማህፀን በር በኩል የወረደ ፋይብሮይድን (ካንሰር ያልሆነ የማህፀን ጡንቻ እጢ) ፖሊፕ ነው ብሎ መጠምዘዝ፤ ይህ ብዙ ደም ያፈሳል፣ ቦታውም ኦፕራሲዮን ክፍል ነው። «ዛሬ አላወጣውም፣ በአልትራሳውንድ ልየው» ያለን ሐኪም ቀን ጨመረብን ብላችሁ አትውቀሱት፤ እኛ በዚህ ነጥብ ነው የጨመርንለት። የወር አበባዋ ለቆመ ሴት ደግሞ አልትራሳውንዱ አይቀሬ መሆን አለበት፤ የማህፀን በር ፖሊፕ ያለባቸው እናቶች ማህፀን ውስጥም ፖሊፕ ሊኖራቸው ይችላልና።

ብልቃጡ

ከአገልግሎቱ ሁሉ ትኩረት ያጣው ይህ ነው። የወጣው ፖሊፕ፣ ምንም ያህል ትንሽና ጤናማ ቢመስል፣ ፓቶሎጂ መላክ አለበት። «ምንም አይደለም» ተብሎ ባልዲ ውስጥ የተጣለ ፖሊፕ ሴቷን ለዓመታት «ምን ነበር?» እያለች ያኖራታል። ከመውጣቱ በፊት «ናሙናው ይላካል ወይ? በማን በኩል?» ብላችሁ ጠይቁ።

በብዙ ቦታ ናሙናውን ወደ ላቦራቶሪ የምታደርሰው ታካሚዋ ወይም ቤተሰቧ ናት። ሥጋው 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት፤ የፎርማሊኑ መጠን ከሥጋው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን። በውሃ ወይም በደረቁ የተቀመጠ ሥጋ ሴሎቹ ይፈራርሳሉ፣ ውጤቱም «ለምርመራ ብቁ አይደለም» ተብሎ ይመለሳል፤ ድጋሚ የሚወሰድ ነገር ደግሞ የለም። ብልቃጡ ላይ ሙሉ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ ቀንና «ከማህፀን በር የተወሰደ» የሚለው ይጻፍ፤ ጽሑፉ ክዳኑ ላይ ሳይሆን ብልቃጡ ገላ ላይ ይለጠፍ፤ ክዳን ከሌላ ብልቃጥ ጋር ይቀያየራል። መጠየቂያ ወረቀቱ ዕድሜንና የመጨረሻ የወር አበባ ቀንን ይያዝ። ብልቃጡ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቀጥ ብሎ ይያዝ፤ ፍሪጅ አይግባ፣ አይከፈት፤ ፎርማሊን ዓይንና አፍንጫ ያቃጥላል።

ውጤቱ ለምን ይቆያል? ሥጋው ፎርማሊን ውስጥ ሰዓታት ይፈልጋል፣ በሰም ውስጥ ይቀበራል፣ ከፀጉር በቀጠነ ውፍረት ይቆረጣል፣ ይቀለማል፣ ከዚያ ፓቶሎጂስቱ ያነበዋል። ሰልፍ በሌለበት እንኳ ቀናት ይፈጃል፤ ብዙ ናሙና በሚጎርፍበት የመንግሥት ሆስፒታል ሳምንታት ሊሆን ይችላል። መዘግየቱ የከፋ ነገር ምልክት አይደለም። ጥሩ አገልግሎት የሚለየው ቁርጥ ያለ ቀንና የሚደወልበት ቁጥር በመስጠቱ ነው። «ካልደወልንልሽ ሰላም ነው» የሚለውን ግን አትቀበሉ፤ የጠፋ ናሙናም አይደውልም። ወረቀቱን በእጃችሁ ተቀበሉ። ከአረብ ሀገር ለእረፍት የመጡ እህቶች ሥራውን በእረፍታቸው መጀመሪያ ሳምንት ቢያሠሩት ውጤቱን ሳይዙ ከመብረር ይድናሉ።

ወረቀቱን ማንበብ

ውጤቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ታካሚዋ ሐኪም ጋ ሳትደርስ በሰው ታስነብባለች፤ ድንጋጤውም እዚህ ይፈጠራል። «ቤናይን ኢንዶሰርቪካል ፖሊፕ» ማለት ካንሰር ያልሆነ የማህፀን በር ፖሊፕ ማለት ነው። «ክሮኒክ ኢንፍላሜሽን» የቆየ መቆጣት ነው፣ በፖሊፕ ላይ የተለመደ። «ስኳመስ ሜታፕላዢያ» የሚለውን አይተው ብዙዎች ያለቅሳሉ፤ የተሠራጨ ካንሰር ከሚባለው ሜታስታሲስ ጋር ስሙ ስለሚመሳሰል ነው። ሜታፕላዢያ አንዱ ዓይነት ሴል በሌላ ጤናማ ሴል መተካቱ ብቻ ነው፤ በማህፀን በር ላይ የተፈጥሮ ሂደት ነው። «ዲስፕላዢያ» ወይም «ሲን» ከ1 እስከ 3 ካለ ክትትል ይጠይቃል፤ ይህም ቢሆን ቅድመ ካንሰር እንጂ ካንሰር አይደለም፣ ሕክምናም አለው። ሐኪሙ ወረቀቱን በአማርኛ ካላስረዳ ከወንበሩ አትነሱ።

ቤት ሲገባ

ለጥቂት ቀናት ነጠብጣብ ደም ይኖራል። ሞንሰልስ የተቀባች ሴት ደግሞ የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ፍርፋሪ ታያለች፤ የመድኃኒቱ ቅሪት ነው፣ የበሰበሰ ነገር አይደለም። ይህን ቀድሞ መንገር የ10 ሰከንድ ሥራ ነው፤ ባለመነገሩ ድንገተኛ ክፍል የሚመጡ አሉ። ለ1 ሳምንት ያህል ግንኙነት አይኑር፣ ውስጥ የሚገባ ነገር አይኑር፣ ወይባ ጢስም ይቆይ። ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ ወይም ቅጠል ወደ ውስጥ ማስገባት ቁስሉን ያቃጥላል፣ ይመርዛልም። ገላን በሻወር መታጠብ ግን ይቻላል። በሰዓት አንድ ሞዴስ የሚያረጥብ ደም፣ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ይኬዳል።

የት ይሻላል?

ለትንሽ፣ ግንዱ ለሚታይ ፖሊፕ የማህፀን ሐኪም ያለበት የመንግሥት ሆስፒታል በቂ ነው፤ ሥራው አንድ ነው፣ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ የጤና መድን ያላትም ትጠቀምበታለች። የግል ክሊኒክ የሚበልጠው በቀጠሮ ፍጥነትና ገመናን በመጠበቁ ነው። ሲመዘገቡ ሦስት ዋጋ ለየብቻ ይጠየቅ፦ የካርድና የሐኪም፣ የማውጣቱ፣ የፓቶሎጂው። በርካሽ የተነገረ ዋጋ ብዙ ጊዜ ፓቶሎጂውን ያላካተተ ነው፤ ገንዘብ ያነሳት ሴት ደግሞ መጀመሪያ የምትተወው እሱን ነው። ሁሉንም መክፈል ካልተቻለ ፓቶሎጂው ወደሚሠራበት የመንግሥት ሆስፒታል መሄድ ይሻላል እንጂ ናሙናው አይቅር።

ፖሊፑ ወጥቶ ጤናማ ከተባለ የተለየ መድኃኒት የለም። በጥቂት ሴቶች ላይ ተመልሶ ሊበቅል ስለሚችል ከግንኙነት በኋላ ወይም በወር አበባዎች መሀል ደም ከታየ ተመልሶ መታየት ነው። መደበኛው የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራም አይቀርም፤ የፖሊፑ ፓቶሎጂ የተቀረውን የማህፀን በር አይመረምርም። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ቅድመ ምርመራውን ቀደም ብለው መጀመርና ቶሎ ቶሎ ማድረግ ስላለባቸው፣ የሚቀጥለውን ቀን በዚያው ወረቀት ላይ አስጽፈው ይውጡ።