የፒካፔ መሪ ድምፆች፦ ከዘጠኝ ወር አገልግሎት በኋላ

ይህችን ባለ ናፍጣ ደብል ጋቢና ፒካፕ የገዛኋት ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሲሆን በወቅቱ 148,000 ኪሎ ሜትር ተነድታ ነበር፤ አሁን፣ በሐምሌ፣ 161,000 አልፋለች። ሞተሯም ሆነ ካምቢዮዋ ያለ ችግር ስላገለገሉኝ ስለ እነርሱ ብዙ የምለው የለኝም። መሪዋ ግን በእነዚህ ወራት አራት ዓይነት ድምፅ አሰምቶኛል። ውሎዬ ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባለው የከተማው እምብርት ነው፤ የፒያሳ ጠባብ መታጠፊያዎች፣ የተክለ ሃይማኖት ግፊያ፣ ከዋናው መንገድ ሲገቡ የሚጠብቀው ኮብልስቶን፣ ቦታ ፈልጎ ለማቆም ቆሞ መሪ መጠምዘዝ፦ መሪን የሚያደክመው እንዲህ ያለው አነዳድ ነው።

የመጀመሪያው ድምፅ በታኅሣሥ ብርድ የጀመረ ጉርምርምታ ነበር። ጠዋት ሞተሩን አስነስቼ መሪውን ሳዞር ያጓራል፤ ነዳጅ ስሰጥ ድምፁም አብሮ ይጨምራል። የወሰድኩበት ጋራዥ ሳይመረምር «የመሪው ዘይት ፓምፕ አልቋል» አለኝና ያገለገለ ፓምፕ ገዝቼ አስገጠምኩ። ሦስት ቀን ጸጥ ብሎ በአራተኛው ተመለሰ። ያን ገንዘብ ያወጣሁት በከንቱ መሆኑ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ አሮጌው ፓምፕ ምንም እንዳልነበረው የተረዳሁት ቆይቼ ነውና።

ሌላ ቦታ ያገኘኋቸው አንድ አንጋፋ መካኒክ ጠጋ ብለው ካዳመጡ በኋላ፣ «ዘይቱ ጎድሏል ወይ ብለህ ብቻ አትጠይቅ ልጄ፤ አረፋ አለው ወይ በል» አሉኝ። ሞተሩ እየሠራ መሪውን ጥቂት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ካዞርኩ በኋላ የዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍተው በባትሪ አሳዩኝ። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ነጣ ብሎ፣ አሁን ከመጭመቂያ የወጣ የፓፓያ ጭማቂ መስሎ አረፋ ደፍቶ ነበር። ዘይት የማያፈስ መሪ አየር ከየት ያስገባል ብዬ ስጠይቃቸው ከማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ የሚወርደውን ቱቦ በጣታቸው አመለከቱኝ። በቺንጋ የሚዞረው ፓምፕ ዘይቱን በዚያ ቱቦ የሚቀበለው እየሳበ ስለሆነ፣ መጋጠሚያው ላይ ያለው ጎሚኒ ሲደርቅ ዘይት ወደ ውጭ ከማንጠብጠቡ በፊት አየር ወደ ውስጥ ይገባል። መኪናዋ የምትቆምበት ሲሚንቶ ሁልጊዜ ደረቅ የነበረውና እኔም የተሳሳትኩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ቱቦውንና ጎሚኒውን ቀየርን፤ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ዘይት ሞላን። ከዚያ የፊት ጎማዎቹን ከመሬት አንሥተን፣ ሞተሩን ሳናስነሳ መሪውን በዝግታ ከዳር እስከ ዳር ሃያ ጊዜ ያህል አዞርን፤ አረፋው ሲጠፋ ሞተሩን አስነስተን ደገምነው። ብዙዎች ይህን ሥራ ስለሚቸኩሉበት አየሩ ሳይወጣ ይቀራል። ከጥር ወዲህ ያ ጉርምርምታ ተመልሶ አልተሰማም።

ሁለተኛው ድምፅ፣ መሪው ጥግ ሲደርስ የሚሰማው ሲጢጥታ፣ የላላ ቺንጋ ነበርና ሲጠብቅ ጠፋ። መሪን ጥግ ላይ አጥብቆ ይዞ መቆየት ግን ፓምፑንም ዘይቱንም ስለሚያግል ከዚያ ወዲህ ትቼዋለሁ።

ያለፋኝ ሦስተኛው ነው። በመጋቢት ኮብልስቶን ላይ በዝግታ ስነዳ ከግራ በኩል «ኳ» ይል ጀመር፤ አስፋልት ላይ አይሰማም፣ በክሪክ ተነሥታም አይሰማም። ስለዚህ በአራት ጎማዋ እንደቆመች ሞተሩን አስነስተን፣ የእጅ ፍሬኗን ይዘን፣ ጎማዎቿንም በድንጋይ ደግፈን፣ ወንድሜ መሪውን ጥቂት ጥቂት ወዲህና ወዲያ ሲያወዛውዝ እኔ ከፊት አጎንብሼ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በመዳፌ ያዝኳቸው። ቀኝ በኩል ምንም አልነበረም። የግራው ታይ ሮድ ኢንድ (የመሪውን ዘንግ ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ባለ ኳስ መገጣጠሚያ) ላይ ስደርስ ግን ድምፁ ጆሮዬ ሳይደርስ መዳፌን መታው፤ ኳሷ ቤቷ ውስጥ እየተላወሰች ነበር።

መጀመሪያ ያስገባሁት ከሁሉ ርካሹን ሲሆን በሰባት ሳምንት የላስቲክ ሽፋኑ ተሰንጥቆ ግራሶው በአቧራ ተለወሰ። በግንቦት የተሻለውን ገዛሁ፤ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ቢሆንም ሽፋኑ ወፍራም ነው፣ ግራሶ መሙያም አለው፤ ሁለት ወር የክረምት ጭቃ ችሎ እስካሁን አልላላም። አሮጌው ሲፈታ ስንት ዙር እንደዞረ ቆጥሬ አዲሱን በዚያው ልክ ብገጥመውም፣ ቆጠራው ለጊዜው የሚያስኬድ እንጂ የጎማ አላይመንትን (የጎማዎቹን አቅጣጫ በመሣሪያ ለክቶ ማስተካከልን) የሚተካ ስላልሆነ በማግስቱ አስለካሁት፤ መሪው በእርግጥም ትንሽ ወደ ቀኝ ያጋድል ነበር።

አሁን የቀረው መኪና ለማቆም ስጠመዝዝ ከእግሬ በላይ የሚሰማኝ ቀጭን «ቃ» ነው። መሪውን ከታች ካለው ማርሽ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ክሮቼራ (ተጣጣፊ መገጣጠሚያ) ላይ እጄን ስጭን ያንኑ ምት አገኘዋለሁ። ይህ ክፍል ከላላ መሪው ራሱ ስለሚላላ እስኪብስ አልጠብቅም፤ ዕቃውን ገዝቻለሁ፣ ቅዳሜ ይገጠማል።