ለሁለት የመጀመሪያ አጭር ክሩዝ፦ 3 ሌሊት ወይስ 4? ከየትኛው ወደብ? በየትኛው መርከብ?

ክሩዝ ለመሄድ ያሰቡ ጥንዶች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከኩባንያው ስም ነው። «ካርኒቫል ይሻላል ወይስ ሮያል ካሪቢያን?» ይላሉ። እኔ ይህን ጥያቄ ሦስተኛ ላይ ነው የማስቀምጠው። መጀመሪያ ስንት ሌሊት፣ ቀጥሎ ከየት ወደብ፣ መርከቡ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ይህን የምጽፈው አሜሪካ ለሚኖሩ፣ ክሩዝ ሞክረው ለማያውቁና ልጆቹን ለአያት ወይም ለአክስት ትተው ለሁለት ብቻ ዞር ማለት ለሚፈልጉ ነው። ገና ልጅ ላልወለዱም እንዲሁ።

3 ሌሊት እና 4 ሌሊት

ማስታወቂያ ላይ ልዩነቱ አንድ ሌሊት ብቻ ነው። መርከቡ ላይ ግን ሰፊ ነው። በመሳፈሪያው ቀን የምትገቡት እኩለ ቀን አካባቢ ነው። ክፍላችሁ የሚከፈተው ከምሳ በኋላ ነው። ዙሪያውን ቃኝታችሁ፣ አደጋ ቢደርስ የምትሰበሰቡበትን ቦታ አይታችሁ ስትጨርሱ ቀኑ ወደ ማታ ይላል። በመመለሻው ቀን ደግሞ በጠዋት ቁርስ ቀማምሳችሁ ትወርዳላችሁ። ስለዚህ 3 ሌሊት ማለት ሁለት ሙሉ ቀን ነው። 4 ሌሊት ሦስት።

ያቺ ሦስተኛዋ ቀን ብዙውን ጊዜ ባሕር ላይ የምታልፍ ናት። ለጀማሪ ደግሞ ዋናዋ እሷ ናት። የከፈላችሁበትን መርከብ ተረጋግታችሁ የምታዩት፣ እስከ ፈለጋችሁት ሰዓት የምትተኙት፣ ገንዳው ዳር ተጋድማችሁ ምንም የማትሠሩት ያን ቀን ነው። የ3 ሌሊቱ ጉዞ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ቀን መሬት ላይ ያውላችኋል፤ ያስሮጣል።

ሌላው ልዩነት ሰዉ ነው። የ3 ሌሊቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ዓርብ ተነስተው ሰኞ ይመለሳሉ። ልደት የሚያከብር፣ ከሠርግ በፊት ከጓደኞቹ ጋር የሚጨፍር ሁሉ የሚሳፈረው ያኔ ነው። ጭፈራ ከወደዳችሁ ደስ ይላል። የሰኞ እስከ ዓርቡ 4 ሌሊት ረጋ ያለ ነው፤ የአንድ ሌሊት ሒሳቡም ብዙ ጊዜ ከዓርቡ ያንሳል። ችግሩ ፈቃድ ነው። የዓርቡ ጉዞ ሁለት የሥራ ቀን ሲፈልግ የሰኞው ሳምንቱን በሙሉ ይወስዳል። በሺፍት የምትሠሩና ቀናችሁን ማዛወር የምትችሉ ከሆነ ሳታመነቱ የሰኞውን ያዙ። ካልቻላችሁ 3 ሌሊቱም ክፉ አይደለም፤ የባሃማስ ዋና ከተማ ናሶ ስትደርሱ ሳትወርዱ መርከቡ ላይ መቅረት እንደምትችሉ ግን አትርሱ። ሰዉ ሲወርድ ገንዳው የእናንተ ነው።

ከየት ወደብ?

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ባልቲሞር ነው። ቅርብ ነው፣ የአውሮፕላን ወጪ የለም። ግን ከዚያ የሚነሱት ጉዞዎች በአብዛኛው ከ5 ሌሊት ጀምረው ወደ ላይ ናቸው፤ ባሃማስ ከዚያ ሩቅ ነው። በክረምት ደግሞ ስትነሱም ስትመለሱም የመርከቡ ደርብ ላይ ብርድ አለ። ለእውነተኛ አጭር ክሩዝ ፍሎሪዳ መብረር ነው ያለው። ማያሚ አውሮፕላን ማረፊያው ለወደቡ በጣም ቅርብ ነው። ፖርት ካናቬራል ግን ከኦርላንዶ አውሮፕላን ማረፊያ የአንድ ሰዓት ያህል የመኪና መንገድ አለው። የኦርላንዶ በረራ ብዙና ብዙ ጊዜ ርካሽ ስለሆነ የመኪናውን ወጪ ደምራችሁ አወዳድሩ።

ሂውስተንና ዳላስ ያላችሁ በመኪና ጋልቨስተን መድረስ ትችላላችሁ። ከዚያ የሚነሳው የ4 ሌሊት ጉዞ የሜክሲኮዋን ኮዙሜል ብቻ ያያል፤ አንድ ቀን ባሕር፣ አንድ ቀን ኮዙሜል፣ አንድ ቀን ባሕር። ዕረፍት ለሚፈልግ ይመቻል፤ ቦታ ማየት ለሚፈልግ ያንስበታል። 5 ሌሊት ካገኛችሁ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ወደብ ይጨመራል።

ሎስ አንጀለስ ያላችሁ ከሎንግ ቢች ወይም ከሳን ፔድሮ ወደ ኤንሴናዳ ትሄዳላችሁ፤ 4 ሌሊት ከሆነ ብዙ ጊዜ ካታሊና ደሴት ይጨመራል። ዋጋው ደህና ነው። ግን ፓስፊክ ካሪቢያን አይደለም። ውኃው ቀዝቃዛ ነው፣ ማታ ጃኬት ያስፈልጋል፣ የሚንቦጫረቅ ባሕር የጠበቀ ሰው ቅር ይለዋል።

ስለ ወቅቱም አንድ ነገር። በአትላንቲክ የሃሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፤ የሚከፋው ከኦገስት አጋማሽ እስከ ኦክቶበር። እንቁጣጣሽን ባሕር ላይ እናክብር ያላችሁ እንግዲህ መሐሉ ላይ ናችሁ። ያኔ ዋጋው የሚወርደው በዚሁ ምክንያት ነው። መርከቡ ከማዕበሉ ይሸሻል እንጂ አይገባበትም፤ ነገር ግን ባሃማስ ብላችሁ ከፍላችሁ ሌላ ቦታ ልትውሉ ትችላላችሁ። ይህን መቀበል ካልቻላችሁ ኤፕሪልና ሜይ ይሻላሉ።

አሁን መርከቡ

ሮያል ካሪቢያን በአጭር ጉዞ ላይ ትልቁን ካርድ የጣለው በ2024 ነው። ዩቶፒያ ኦፍ ዘ ሲስ የተባለውን አዲስ ግዙፍ መርከብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለ3 እና ለ4 ሌሊት ጉዞ ከፖርት ካናቬራል አሰማራው። እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሰው ቢይዝ ብቻ ከ5,600 በላይ መንገደኛ ይጭናል። የሚሄደው ናሶና የኩባንያው የግል ደሴት ወደሆነው ኮኮኬይ ነው። ኮኮኬይ ላይ የባሕሩ ዳርቻ፣ ትልቁ ገንዳና አብዛኛው ምግብ በዋጋው ውስጥ ነው። የውኃ ፓርኩና ለአዋቂዎች ብቻ የተከለለው ሃይድአዌይ ቢች ግን ለብቻ ይከፈልባቸዋል።

ካርኒቫል ባብዛኛው ይረክሳል። በአጭር ጉዞ ላይ የሚያሰማራቸው ብዙዎቹ መርከቦች የቆዩ ናቸው፤ የመዋኛ ገንዳቸው ጠበብ ይላል፣ የትርኢቱም ብዛት አይወዳደርም። በሌላ በኩል በዋጋው ውስጥ ያለው ተራ ምግብ፣ በርገሩና ታኮው፣ ከሮያል ይልቅ ለእኔ ይጥመኛል። በጁላይ 2025 ደግሞ ግራንድ ባሃማ ላይ ሴሌብሬሽን ኪ የተባለ የራሱን መዝናኛ ከፍቷል። ጉዞው እዚያ የሚቆም መሆኑን ሳታዩ አትክፈሉ፤ ሁሉም መርከብ አይቆምም።

ቨርጂን ቮዬጅስ ከ18 ዓመት በታች ያለ ሰው አያሳፍርም። ምግብ ቤቶቹ ሁሉ በዋጋው ውስጥ ናቸው። ዋጋው ከፍ ይላል። ለጫጉላ ሽርሽር ከሆነ ተመልከቱት። ኤምኤስሲ ደግሞ አንዳንዴ የሚገርም ቅናሽ ያወጣል፤ ድባቡ ወደ አውሮፓ ያደላል።

የእኔ ፍርድ፦ በጀቱ ካለ ሰኞ የሚነሳውን ዩቶፒያ፤ በጀቱ ከጠበበ ሴሌብሬሽን ኪ የሚቆም የካርኒቫል 4 ሌሊት።

ክፍሉን በተመለከተ ብዙ አላስረዝምም። መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል ለ3 ሌሊት ይበቃል፤ ለመተኛትና ልብስ ለመቀየር ነው የምትገቡት። ለ4 ሌሊት፣ ልዩነቱ ለሁለታችሁ 200 ዶላር አካባቢ ከሆነ፣ በረንዳ ያለውን ውሰዱ። ጠዋት ከማንም ጋር ሳትጋፉ ሻይ የምትጠጡበት ቦታ ነው። ባሕር ያጥወለውለኛል የሚል ካለ በመርከቡ ወገብ ላይ፣ ዝቅ ካሉት ፎቆች ምረጡ። አልጋው አንድ ላይ የተገጠመ መሆኑንም አረጋግጡ፤ ሁለት ነጠላ አልጋ ሆኖ የሚለይ ነው።

ማስታወቂያው የማይነግራችሁ ዋጋ

የክሩዝ ዋጋ የሚጻፈው ለአንድ ሰው ነው፤ ያውም ክፍሉን ሁለት ሰው ይዞት። ስለዚህ 250 ያያችሁት 500 ነው። በላዩ ቲፕ አለ፤ በቀን ለአንድ ሰው ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ራሱ ሒሳባችሁ ላይ ይደመራል። 17 ብንይዝ ለሁለት ሰው በ4 ሌሊት 136 ዶላር ነው። ዋይፋይ በቀን 20 ዶላር ገደማ። ከሁለት አንዱ ቢገዛ ይበቃል፤ ሁለታችሁም አገር ቤት ካልደወላችሁ በቀር።

የመጠጥ ፓኬጁ ላይ ተጠንቀቁ። በካርኒቫልም በሮያል ካሪቢያንም የአልኮል ፓኬጅ አንዱ ከገዛ በዚያው ክፍል ያለው ሌላው አዋቂም መግዛት አለበት። አንዱ የሚጠጣ፣ ሌላው የማይጠጣ ጥንድ ከሆናችሁ፣ ወይም ጉዞው ጾም ላይ ከዋለ፣ ጨርሶ አያዋጣም። በቀን 80 ዶላር ብናስበው ለሁለት ሰው በ4 ሌሊት 640 ነው፤ ከክፍሉ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። በየጊዜው እየከፈላችሁ ጠጡ። ሁለቱም ኩባንያዎች በመሳፈሪያው ቀን ለአንድ አዋቂ አንድ ጠርሙስ ወይን በእጅ ሻንጣ ይዞ መግባት ይፈቅዳሉ።

ስልካችሁን መርከቡ ሳይነሳ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ። የመርከቡ የስልክ ኔትወርክ ከእናንተ ፕላን ውጭ ነው፤ የሚመጣው ሒሳብ ያስደነግጣል።

ወረቀት፦ ከዋጋው በፊት ይህን አንብቡ

ክሩዙ ከአሜሪካ ተነስቶ አሜሪካ ቢመለስም፣ ባሃማስ ወይም ሜክሲኮ ረገጣችሁ ማለት ከአገር ወጣችሁ ማለት ነው።

ዜጎች ከሆናችሁ፣ ተነስቶ እዚያው ወደብ ለሚመለስ ጉዞ የመንግሥት መታወቂያና የልደት ወይም የዜግነት ሰርተፍኬት ይበቃል። እኔ ግን ፓስፖርት እላለሁ። ናሶ ላይ መርከቡ ጥሏችሁ ቢሄድ በአውሮፕላን ለመመለስ ፓስፖርት የግድ ነው። መርከብ ደግሞ አይጠብቅም።

ግሪን ካርድ ያላችሁ ካርዱን ራሱን እንጂ ፎቶውን አትያዙ፤ ያልተቃጠለ የኢትዮጵያ ፓስፖርትም ጨምሩ። ለሜክሲኮም ለባሃማስም ለአጭር ጉብኝት ግሪን ካርድ ያለው ሰው ቪዛ አይጠየቅም።

የጥገኝነት ማመልከቻችሁ ገና በሂደት ላይ ከሆነ ግን ቁም ነገሩ ሌላ ነው። አድቫንስ ፓሮል የተባለውን ፈቃድ ሳይዝ የወጣ ሰው ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠራል። የሦስት ቀን መዝናኛ ለዓመታት የጠበቃችሁትን ጉዳይ ሊያበላሽ ይችላል። ጠበቃችሁን ሳታማክሩ አትክፈሉ። ጥገኝነት ተሰጥቷችሁ የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የያዛችሁም፣ ኩባንያው ሰነዱን ለዚያ ጉዞ እንደሚቀበል በጽሑፍ ይመልስላችሁ። አንዳችሁ አንድ ጊዜ ብቻ በሚያስገባ ቪዛ ከገባችሁም እንዲሁ መጀመሪያ ጠበቃ።

ስም ላይም ልብ በሉ። ባልና ሚስት የተለያየ የአያት ስም መያዛቸው ለመርከቡ ምንም አይደለም። ችግር የሚፈጥረው ትኬቱ ላይ ያለው ከፓስፖርቱ ሲለይ ነው። ዜግነት ስትወስዱ ስም ከቀየራችሁ ወይም ግሪን ካርዱና ፓስፖርቱ ላይ ፊደሉ ከተለያየ፣ ከመሳፈሪያው ቀን በፊት አስተካክሉት።

ጾም፣ ቡናና ሻንጣ

ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ አትስጉ። ሁለቱም ትልልቅ ኩባንያዎች የቪጋን ምግብ አላቸው። ትኬት እንደቆረጣችሁ ጥያቄውን አስመዝግቡ፣ የመጀመሪያው ማታ ደግሞ ለአስተናጋጁ ንገሩት፤ ለቀጣዩ ቀን ቀድሞ ያዘጋጅላችኋል። ሐላል የምትፈልጉም እንዲሁ በጊዜ አሳውቁ።

ቤት የተሠራ ምግብ አይገባም። የታሸገ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይገባል። ጀበና ይዞ ለመግባት ያሰበ ካለ ይተወው፤ ምድጃ፣ ካውያ፣ ሻማና ዕጣን በሙሉ ክልክል ናቸው። እሳት መርከብ ላይ ቀልድ አይደለም። ሚጥሚጣ በትንሽ የታሸገ ዕቃ መያዝ ግን የመርከቡን እንቁላል በእጅጉ ያሻሽለዋል።

በአጭር ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ የመዘነጫ ምሽት አለ። ሱፍና ረጅም ቀሚስ ከመሸከም የሐበሻ ልብስ ያዙ። አይጨማደድም አልልም፤ ግን ፎቶግራፍ አንሺው ራሱ ነው የሚጠራችሁ።

ትልቁን ሻንጣ ወደብ ላይ ለሠራተኞቹ ስትሰጡ ክፍላችሁ የሚደርሰው ወደ ማታ ሊሆን ይችላል። ፓስፖርት፣ መድኃኒት፣ የዋና ልብስና ቻርጀር በእጅ ቦርሳ ይሁን። ፓስፖርት ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከቀረ አትሳፈሩም።

በረራውን በተመለከተ፣ ከሌላ ከተማ የምትመጡ ከሆነ አንድ ቀን ቀድማችሁ ፍሎሪዳ ግቡ። የሆቴሉ ወጪ አንድ በረራ ቢዘገይ ከምታጡት ሁሉ ያንሳል። በመመለሻው ቀንም ከማያሚ ከሆነ ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ከኦርላንዶ ከሆነ ከእኩለ ቀን በኋላ ያለውን በረራ ቁረጡ። ሁሉም ሰው በአንድ ጠዋት ነው የሚወርደው፤ የጉምሩኩ ሰልፍ ደግሞ እንደ ዕድላችሁ ነው።