ለጋርተር እባብ የሚሸጡ የውኃና የእርጥበት ዕቃዎች፦ የትኛው ዋጋውን ያወጣል?

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልናገር። ጋርተር እባብ ለሚያሳድግ ሰው ከባድ የሴራሚክ ሳህን፣ ዲጂታል የእርጥበት መለኪያ እና ክዳን ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ይበቃዋል። በመደብሮች መደርደሪያ ላይ ከሁሉም ጎልቶ የሚታየው በኤሌክትሪክ ጉም የሚያወጣ መሣሪያ ግን ለዚህ እንስሳ አይሆንም።

የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የእባቧ ባለቤት ልጄ ናት፤ ዕቃ የምገዛውና ሳህን በማጠብ ከእሷ ጋር የምፈራረቀው ደግሞ እኔ ነኝ። ቤታችን የሚመጣ ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ ይደነግጣል፤ አልፈርድበትም። እኛ ያደግነው እባብ ሲባል ዱላ ፍለጋ እየሮጥን ነው። ጋርተር ግን ከካናዳ እስከ ፍሎሪዳ በየጓሮውና በየኩሬው ዳር የሚገኝ፣ ጀርባው ላይ ቢጫ መስመር የተሰመረበት ቀጭን እባብ ነው፤ ለሰው አስጊ አይደለም። እንዲያውም ቨርጂኒያ ምሥራቃዊውን ጋርተር በ2016 የግዛቲቱ እባብ ብላ በሕግ ሰይማዋለች። የእኛዋ ከሜዳ የተያዘች ሳትሆን በአርቢ እጅ የተወለደች ናት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጋርተር ውኃ ስለሚወድ፣ እንቁራሪትና ዓሣ ስለሚበላ፣ ጥሩም ስለሚዋኝ ቤቱ ሁልጊዜ እርጥብ መሆን ያለበት ይመስለዋል። በዱር ያለው ጋርተር ግን ከውኃ ሲወጣ ደረቅ መሬትና ፀሐይ የሞቀው ድንጋይ ይጠብቀዋል። በእርጥብ ንጣፍ ላይ የሚውል የሚያድር እባብ ሆዱ ሥር ያለው ቆዳ ውኃ ይቋጥራል፤ ቁስሉም ሐኪም ቤት ያደርሳል። ስለዚህ የሚያስፈልገው የተትረፈረፈ ውኃና ደረቅ ወለል ነው። ዕቃዎቹንም የምመዝነው በዚህ ነው።

ከሳህኑ ልጀምር። የእኛ በውስጥም በውጭም የተለበጠ፣ ታቹ ሰፊና ከባድ የሴራሚክ ሳህን ነው። እባቧ ሙሉ ሰውነቷን ጠቅልላ ትገባበታለች፤ ጠርዙን ተደግፋ ስትወጣ አይገለበጥም። የምንሞላው እስከ ግማሹ ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ስትገባ ውኃው ይፈስና ሰጋቱራውን ያረጥበዋል። ቀለል ያለ የፕላስቲክ ሳህን ዋጋው ዝቅ ያለ ቢሆንም እባቧ በሥሩ ለመግባት ስትገፋው ይደፋል፤ ሲጫርም ቆሻሻ በጭረቱ ውስጥ ይቀራል። አንዲት ዘመዳችን ከአገር ቤት የመጣ የሸክላ ጻሕል ለእባቧ ብላ ሰጥታን ነበር። ጻሕሉ ያምራል፤ ነገር ግን ያልተለበጠ ሸክላ ውኃ ወደ ውጭ ያዣል፤ ውኃን የሚያቀዘቅዘውም በዚሁ ጠባዩ ነው። በእባብ ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ከሥሩ ያለውን ንጣፍ ያበሰብሰዋል። ስለዚህ በርበሬ ማቅረቢያ ሆኖ በክብር ተቀምጧል።

ስለ ሳህን ይህን ያህል የማወራው ያለምክንያት አይደለም። የእርጥበቱ መቆጣጠሪያ ራሱ ሳህኑ ነው። የእባብ ቤት አንደኛው ጫፍ በአምፖል ይሞቃል፤ በእኛ ቤት እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ እናደርሰዋለን። ሌላኛው ጫፍ ከ22 እስከ 24 ድረስ ሆኖ ይቀዘቅዛል። ሳህኑ ወደ ሞቃቱ ጫፍ ሲጠጋ ውኃው ቶሎ ስለሚተን እርጥበቱ ይጨምራል፤ ወደ ቀዝቃዛው ሲመለስ ይቀንሳል። በክረምት የቤቱ ማሞቂያ አየሩን ሲያደርቀው ሳህኑን ወደ መሐል እናስጠጋለን፤ የወንፊት ክዳኑንም ግማሹን በመስታወት እንሸፍናለን። በሐምሌ፣ የቨርጂኒያ ወበቅ ቤቱን ሲሞላው ደግሞ መስታወቱን አንስተን ሳህኑን ወደ ቀዝቃዛው ጥግ እንመልሳለን። ለዚህ ማስተካከያ አንድ ሳንቲም አይወጣም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን እርጥበቱን የሚለካ ነገር ሲኖር ነው። መስታወት ላይ የሚለጠፈውን ባለ ቀስት ክብ መለኪያ አትግዙ። ዲጂታሉን ግዙ፤ እሱንም ከመስቀላችሁ በፊት በጨው ፈትኑት። በጠርሙስ ክዳን ውስጥ የገበታ ጨው አድርጉና እስኪወፍር ድረስ ጥቂት ጠብታ ውኃ ጨምሩበት፤ ጨው እንዳለ ይቆይ እንጂ ሟሙቶ አይለቅ። ክዳኑንና መለኪያውን አየር በማያስገባ ከረጢት ውስጥ አብራችሁ ዝጉና በቤት ሙቀት አሳድሯቸው። ጠዋት መለኪያው 75 ከመቶ ማሳየት አለበት፤ የተሟላ የገበታ ጨው ድፍድፍ በተዘጋ ቦታ የሚፈጥረው እርጥበት ያ ነውና። የእኛ ዲጂታል 78 አሳየ፤ ስለዚህ ሦስት ቀንሰን እናነባለን፤ ልጄም በትንሽ ወረቀት ጽፋ ጎኑ ላይ ለጥፋዋለች። ባለ ቀስቱ ግን በዚያው ከረጢት ውስጥ ከ60 አላለፈም። እንዲህ ያለ መለኪያ ሰውን በቂ እርጥበት ባለው ቤት ውስጥ ውኃ እንዲያርከፈክፍ ያደርገዋል፤ ለዚህ ነው የምቃወመው። የምንፈልገው ከ40 እስከ 60 ከመቶ ነው።

ከሁሉም በላይ የወደድኩት ግን ሦስተኛውን ዕቃ ነው፤ መደብር ሄዶ መግዛት እንኳ አያስፈልገውም። ክዳን ያለው የምግብ ማስቀመጫ ፕላስቲክ ወስዳችሁ በጎኑ እባቧ የምታልፍበት ቀዳዳ አውጡለት፤ ጠርዙ እንዳይቆርጣት በአሸዋ ወረቀት አለስልሱት። ውስጡን ስፋግነም በሚባለው የደረቀ የረግረግ ተክል ሙሉት። ተክሉ ከመግባቱ በፊት በውኃ ተነክሮ በደንብ ይጨመቃል፤ በእጅ ሲጨበጥ ጠብታ መውጣት የለበትም። ትርፉ ይህ ነው፦ የእባቧ ቤት ወለል ደረቅ እንደሆነ ይቆያል፤ እርጥበት ስትፈልግ ግን የምትገባበት ክፍል አላት።

የምትፈልግበትንም ጊዜ ታሳውቃለች። ቆዳዋን ልትለውጥ ስትል ቀለሟ ይደበዝዛል፣ ዓይኗም ጭጋግ ለብሶ ሰማያዊ ይሆናል። ልጄ «አባዬ፣ ዓይኗ ሰማያዊ ሆኗል» ስትለኝ ተክሉን አርጥበን እንመልሳለን። ከዚያ በኋላ ዓይኗ ጠርቶ ጥቂት ቀን ሲቆይ ቆዳው ከአፍንጫዋ ጀምሮ እየተገለበጠ እስከ ጅራቷ ጫፍ ባንድ ላይ ይወጣል። ልጄ ቆዳውን መስኮት ላይ ዘርግታ በመጀመሪያ የምታየው ዓይኑን ነው፤ ሁለቱ ቀጫጭን ክብ ሽፋኖች አብረው ከወጡ እርጥበቱ በቂ ነበር ማለት ነው። አየሩ ሲደርቅ ቆዳው ተቆራርጦ ይቀራል፣ የዓይን ሽፋኑም ይጣበቃል። የተጣበቀውን በእጅ መንቀል ዓይን ስለሚያበላሽ ለእንስሳት ሐኪም ነው የሚተወው።

ጉም የሚያወጣው መሣሪያ የመስታወት ቤቱን ያገለገለ ስንገዛ አብሮ የመጣ ነው። ስናበራው መለኪያው ወዲያው ከ80 በላይ ወጣ፤ መስታወቱ አላበው፣ ጠብታው ወርዶ ሰጋቱራውን አራሰው። መሣሪያው መጥፎ ነው አልልም፤ ለዝናብ ደን እንቁራሪቶች ይጠቅማል። ለጋርተር ግን የሚያመጣው ያንኑ የምንሸሸውን እርጥብ ወለል ነው። በዚያ ላይ የውኃ ማጠራቀሚያው በየጊዜው ካልታጠበ ያፈራውን ጀርም ከጉሙ ጋር ይረጨዋል። አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ወይም አፍንጫዋ ላይ አረፋ የሚታይባት እባብ ካለቻችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት፤ ሳንባዋ ታሞ ሊሆን ይችላል። በነገራችን ላይ የእኛዋን ያስቀመጥናት ቡና ከሚፈላበትና እጣን ከሚጨስበት ክፍል አርቀን ነው።

ውኃው የምንጠጣው የቧንቧ ውኃ ነው፤ በየቀኑ ይለወጣል። ጋርተር ብዙ ይበላል፣ ቶሎ ይፈጫል፣ ብዙውን ጊዜም እዚያው የሚጠጣው ውኃ ውስጥ ይጸዳዳል፤ እንዲያ ሲሆን ቀኑ እስኪያልቅ አይጠበቅም። እባቧ ከሳህኑ አልወጣም ብላ ከዋለች የሙቀቱን መጠን እዩ፤ ውኃው ውስጥ የጥቁር አዝሙድ ፍሬ የማያክሉ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ካሉ ደግሞ ማይት የሚባል ጥቃቅን ደም መጣጭ ተባይ ይዟታል ማለት ነው።

ሳህኑን ወጥ ቤት ማጠቢያ ላይ አታጥቡት። ተሳቢ እንስሳት ሳልሞኔላ ሊይዙ ይችላሉ፤ የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንዳይነኳቸው የሚመክረውም ለዚህ ነው። እኛ ቤት ሳህኑ የራሱ ባልዲና የራሱ ብሩሽ አለው፤ በሳሙና ታጥቦ፣ በውኃ በቀጠነ በረኪና ተዘፍዝፎ፣ ሽታው እስኪጠፋ ይለቀለቃል፤ ከዚያ ይደርቃል። የጉም መሣሪያ ለመግዛት ያሰባችሁበትን ገንዘብ ለሁለተኛ ሳህን አውሉት፤ አንዱ እስኪደርቅ ሌላኛው ይገባል።